ክብደትን መቀነስ፣ የቀነሱትንም ይዞ መቆየት፦ የሐኪም ምክር

ክብደት ለመቀነስ ምክር ፈልጎ ወደ ሕክምና ክፍል ከሚመጣ ሰው ጋር ጥቂት ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ነገር፣ ሰውየው ከዚህ በፊትም ክብደት ቀንሶ የሚያውቅ መሆኑ ነው። ለሠርጓ ስትል ስድስት ኪሎ ቀንሳ ከሠርጉ በኋላ ስምንት የጨመረች፣ በዐቢይ ጾም ሸንቀጥ ብሎ ሰኔ ሳይገባ ወደ ነበረበት የተመለሰ፣ ለጂም የሁለት ወር ከፍሎ ጊዜው ሲያልቅ የተወ ሰው ጥቂት አይደለም። እነዚህ ሰዎች መቀነስ አላቃታቸውም፤ ያቃታቸው የቀነሱትን ማቆየት ነው። መቀነስ የወራት ሥራ ሲሆን ማቆየት የዓመታት ነው፤ ስለዚህ የማቆየቱ ዕቅድ መውጣት ያለበት ገና መቀነስ ሲጀመር ነው። ከዚህ አንድ መመዘኛ ይወጣል፦ ሊጀምሩት ያሰቡትን ማንኛውንም ለውጥ «ከሦስት ዓመት በኋላም ይህን አደርጋለሁን?» ብለው ይመርምሩት። መልሱ «አላደርግም» ከሆነ፣ ያ ለውጥ የሚያወርደው ኪሎ ተመልሶ እንደሚመጣ ከወዲሁ ይወቁት።

ውፍረት የጥቂት ባለጠጎች ጉዳይ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው እ.ኤ.አ. በ2000 3 በመቶ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 8 በመቶ ደርሰዋል፤ የከተማው ድርሻ ደግሞ ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር፤ አኗኗራቸውና አመጋገባቸው ከተለወጠ በኋላ ግን በሽታው ብዙም ባልወፈሩት ላይ ጭምር ተስፋፍቷል። «እኔ እንኳ ያን ያህል ወፍራም አይደለሁም» የሚል ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

ከመጀመርዎ በፊት

የመጀመሪያው ሥራ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው ይዞ ሐኪም ማነጋገር ነው። ክብደት የሚጨምሩ መድኃኒቶች ብዙ ናቸው፤ ለአስምና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታዞን፣ ኢንሱሊን፣ ግሊቤንክላማይድ፣ ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ኦላንዛፒን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮይክ አሲድ፣ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሚወጉት የእርግዝና መከላከያ መርፌ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ይህን ያነበበ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ፤ በተለይ ለሳምንታት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቆም ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። የሚተካ መድኃኒት ካለ ሐኪሙ ይተካዋል፤ ከሌለም ኪሎው ከየት እንደመጣ ማወቅ ራስን ከመውቀስ ያድናል።

የስኳር ሕመምተኛ ሆነው ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ፣ የመድኃኒቱ መጠን ሳይስተካከል ምግብ መቀነስ ወይም ረጅም ሰዓት መጾም ስኳርዎን ከልክ በታች አውርዶ ራስዎን ሊያስትዎ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ክብደቱ እየወረደ ሲሄድ ከመቀመጫው ሲነሣ የሚያዞረው ከሆነ፣ መድኃኒቱ ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖበት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ሐኪሙን ይጠይቅ። ነፍሰ ጡሮች ክብደት ለመቀነስ መሞከር የለባቸውም፤ የሚያጠቡ እናቶችም ያለ ሐኪም ምክር ምግብ አይቀንሱ።

ሳይፈልጉት፣ ምንም ሳይለውጡ ኪሎ እየወረደ ከሆነ ግን ነገሩ የምስራች አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ ያልታወቀ የስኳር በሽታ፣ ከመጠን በላይ የሚሠራ የታይሮይድ ዕጢ ወይም ካንሰር ሊኖር ስለሚችል ምርመራ ያስፈልጋል።

ሚዛኑ፣ ሜትሩና የሚደረስበት ግብ

ክብደትን ከቁመት ጋር ማስተያየት ቀላል ስሌት ነው፤ ኪሎውን በሜትር ለተለካው የቁመት ካሬ ማካፈል ብቻ ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 የሆነች 82 ኪሎ የምትመዝን ሴት 1.65ን በ1.65 አባዝታ 2.72 ታገኛለች፤ 82ን ለ2.72 ስታካፍለው ወደ 30 ይመጣላታል። ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ጤናማ፣ ከ25 እስከ 29.9 ያለው ከልክ ያለፈ፣ 30ና ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ውፍረት ይባላል። ይህ ቁጥር ግን ስቡ የት እንደተቀመጠ አይናገርም። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ቦርጩ የወጣ ሰው ቁጥሩ መካከለኛ ሊሆን ይችላል፤ ለልብና ለስኳር በሽታ የሚያጋልጠው ግን በዋናነት ይኸው የሆድ ውስጥ ስብ ነው። ስለዚህ በልብስ ሰፊ ሜትር፣ በታችኛው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ትንፋሽ ካስወጡ በኋላ ዙሪያዎን ይለኩ። በወንድ ከ94፣ በሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ መሆን አደጋው መጨመሩን ያመለክታል። ሱሪ የሚታጠቁበት ቦታ ላይ መለካት ግን ያታልላል፤ ቦርጭ ያለው ወንድ ቀበቶውን ከሆዱ በታች አድርጎ ለሃያ ዓመት «የሱሪ ቁጥሬ አልተለወጠም» ሊል ይችላል።

ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለ የፋርማሲውም ሆነ በመንገድ ዳር ሚዛን አስቀምጠው የሚጠባበቁት ልጆች ሚዛን ይበቃል፤ ዋናው ነገር ሁልጊዜ አንዱን ብቻ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት መጠቀም ነው። ጨው በበዛበት ምግብ፣ በወር አበባና በሆድ ድርቀት ምክንያት ብቻ ክብደት አንድ ሁለት ኪሎ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ የአንድ ቀን ቁጥር አያስደስትዎት፣ አያሳዝንዎትም፤ የአራት ሳምንቱን አካሄድ ይመልከቱ።

ግቡ መጠነኛ ይሁን። ከያዙት ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ የደም ግፊትን፣ የደም ስኳርንና የጉበት ስብን በሚታይ መጠን ያሻሽላል፤ ለጠቀስናት ሴት ይህ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የአሜሪካ ትልቅ ጥናት፣ ወደ ስኳር በሽታ በመቃረብ ላይ የነበሩ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ሲደረግ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ወርዷል፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ። የስኳር በሽታ ከተገኘበት ብዙ ዓመት ያልሞላው ሰው ከዚህ የበለጠ መቀነስ ከቻለ፣ በሐኪም ክትትል ሥር መድኃኒት እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። ፍጥነቱ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ቢሆን በቂ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስኬድ ረሃብ ጡንቻ ያሳጣል፣ የሐሞት ጠጠርም ያመጣል።

ዘይት፣ ስኳር፣ እንጀራ

ለአበሻ ቤት የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ስለ እንጀራ አይደለም፤ ስለ ዘይት ነው። «እኔ እኮ ብዙ አልበላም» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ የሚበላው መጠን ትንሽ ሆኖ ወጡ ግን በዘይት የተሞላ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ሲራመድ የሚያቃጥለውም ከዚህ ብዙ አይበልጥም። በአንድ ቤት ውስጥ የሚበላውን ዘይት ለማወቅ ማንኪያ መቁጠር አያስፈልግም፤ ጀሪካኑን ማየት ይበቃል። አራት ሰው ያለበት ቤት አምስት ሊትር ዘይት በወር ከጨረሰ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ወደ 340 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል። ጀሪካኑ ሁለት ወር እንዲያቆይ ቢደረግ፣ ማንም ሰው ከማዕዱ አንድ ጉርሻ ሳይቀንስ፣ ለእያንዳንዱ በቀን 170 ካሎሪ ይቀነስለታል። ቀኑን በጀሪካኑ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ መሣሪያ ነው።

እንዴት ይቀነሳል ለሚለው፣ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ ማቁላላት፣ እንዳያርም ጥቂት ጥቂት ውሃ ጠብ እያደረጉ በደንብ ማብሰል፣ ዘይቱን ከጀሪካን በቀጥታ ከማንቆርቆር ይልቅ በማንኪያ ለክቶ በኋላ መጨመር ነው። ሽሮው ከድስቱ ሲወጣ ከላይ ዘይት ተንሳፍፎበት ካዩት፣ ያ ዘይት ለጣዕሙ አላስፈለገም ማለት ነው። ቅቤም በካሎሪ ከዘይት ብዙ አይለይም፤ ክትፎና ጨጨብሳ በየሳምንቱ ሳይሆን አልፎ አልፎ የሚበሉ ይሁኑ።

ቀጥሎ የሚመጣው የሚጠጣው ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በምግብና በመጠጥ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዲያንስ፣ ከተቻለም ከ25 ግራም እንዳይበልጥ መክሯል። በቀን ሦስት ሲኒ ቡናና ሁለት ብርጭቆ ሻይ በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ማንኪያው ልክ ቢሆን እንኳ 40 ግራም ይደርሳል፤ የቤታችን ማንኪያ ደግሞ ክምር ነው። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ መሄድ ምላስን ያለማምዳል፤ በአንድ ቀን ማቋረጥ የሚችሉ ግን አይጠብቁ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል፤ አንድ ጠርሙስ ቢራም ወደ 140 ካሎሪ አለው፣ ከእርሱም ጋር ጥብስ ይመጣል። ስኳር የተጨመረበት የአቮካዶ ስፕሪስ በብርጭቆ የቀረበ ምሳ መሆኑን ተረድተው ይጠጡት። ፍሬው ሳይጨመቅ ቢበላ ያጠግባል።

ወደ እንጀራው ስንመጣ፣ «ጤፍ አያወፍርም» የሚለው ልማዳዊ አነጋገር ትክክል አይደለም፤ ነጭም ሆነ ቀይ ጤፍ፣ በብዛት ከተበላ ያወፍራል። ጤፍ በብረት ማዕድንና በአሰር (ፋይበር) መልካም እህል ስለሆነ ተዉት አልልም፤ መጠኑ ግን መታወቅ አለበት። ችግሩ አብረን ከአንድ ትሪ ስለምንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አለመታወቁ ነው። ስለዚህ ከማዕዱ ከመቅረብዎ በፊት የእርስዎን ድርሻ፣ ለምሳሌ አንድ ሙሉ ወይም ግማሽ እንጀራ፣ ለብቻው በሳህን ያውጡና ወጡንም በዚያው ይዘው ይቅረቡ፤ አብሮ መብላቱ እንደተጠበቀ ነው። ጭማሪው ጥቅል እንጀራ ማዕዱ ላይ አይቀመጥ፤ የፈለገ ሰው ተነሥቶ ይውሰድ። ከሳህኑ ግማሹን ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ጥቅል ጎመን ወይም ሰላጣ ይያዘው፤ ከቀሪው ውስጥ ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራ፣ እንቁላል ወይም ሥብ የሌለው ሥጋ በየማዕዱ እንዳይጠፋ፤ ፕሮቲንና አሰር ረሃብን ረዘም ላለ ጊዜ ያርቃሉና። ቁርስ ላይ ዳቦ በሻይ ብቻ የሚበላ ሰው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መልሶ ቢርበው አይገርምም፤ ቅንጬ ወይም እንቁላል ይሻለዋል። ቆሎ ጥሩ መክሰስ ነው፣ በእጅ ጭብጥ እስከሆነ ድረስ። ኦቾሎኒ ከተጨመረበት ጭብጡ ይነስ።

ብስኩት፣ ቺፕስ፣ ፈጣን ኑድልና የታሸጉ ጣፋጮችን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተሠራ ጥናት የሚያስገርም ነገር አሳይቷል፤ 20 ሰዎች እስኪጠግቡ እንዲበሉ ተፈቅዶላቸው፣ በፋብሪካ ብዙ የተቀናበረ ምግብ ሲቀርብላቸው ቤት ከሚሠራው ዓይነት ምግብ ይልቅ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ጨምረው በልተዋል፤ በሁለቱም ማዕዶች የቀረበው ስኳር፣ ቅባትና አሰር ግን ተመጣጣኝ ነበር።

ስለ እንቅስቃሴ

እንቅስቃሴ ብቻውን ብዙ ኪሎ አያወርድም፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ተስፋ ከመቁረጥ ያድናል። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ምግብ ሲቀነስ ጡንቻ እንዳይጠፋ ይጠብቃል፣ ግፊትንና ስኳርን ያወርዳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወረደው ኪሎ እንዳይመለስ ያደርጋል። በሳምንት 150 ደቂቃ፣ እያወሩ መሄድ የሚቻልበት ግን መዝፈን የማይቻልበት ፍጥነት፣ መነሻ ይሁን። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድና ከቢሮ ፎቅ በእግር መውጣት እንደ አዲስ አበባ ባለ ዳገታማ ከተማ ቀላል የማይባል ሥራ ነው። ክረምት ሲገባ ብዙ ሰው ያቆማል፤ ለሐምሌና ለነሐሴ ቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር አስቀድመው ያስቡ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወገኖች ይኸው ችግር በበጋ ሙቀት ይገጥማቸዋል፤ ቀዝቃዛ የገበያ አዳራሽ ውስጥ መራመድም መራመድ ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያሠራ ነገር ይጨመር። ጂም አያስፈልግም፤ እጅን ሳይደገፉ ከወንበር አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ መሥራት፣ ውሃ የሞላ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ማንሣት ለጀማሪ በቂ ነው። ሲራመድ ደረቱን የሚያስጨንቀው ወይም የሚያፍነው ሰው ግን አቁሞ ይመርመር። እንቅልፍም ከዚሁ ጋር ይታሰብ፤ በቂ የማይተኛ ሰው በማግስቱ ረሃቡ ይበረታል፤ በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩና ሌሊት የሚነዱ ሰዎች ምግባቸውን ከቤት ይዘው ቢወጡ ከመንገድ ላይ ምግብ ይድናሉ።

ገንዘብ የሚያስወጡ፣ ጥቅም የሌላቸው

ሎሚ በሞቀ ውሃ ስብ አያቀልጥም፤ ዝንጅብልም፣ የሽፈራው ቅጠልም አያቀልጡም። ወገብ ላይ የሚጠመጠመው ማላቢያ ቤልት የሚያወጣው ውሃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ሲጠጡ ኪሎው ይመለሳል። «ሆድ የሚያጠፉ» ሻዮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ ሲዘወተሩ ፖታሲየም የተባለውን የሰውነት ማዕድን ያሟጥጣሉ። በድረ ገጽና በየሱቁ የሚሸጡ የማቅጠኛ ክኒኖች ደግሞ ከዚህ የከፉ ናቸው፤ ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ አጋልጧል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣው ሲቡትራሚን በማሸጊያው ላይ ሳይጻፍ በእንዲህ ዓይነት ክኒኖች ውስጥ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ጫት ረሃብ ያስረሳል፤ እንቅልፍን፣ ግፊትንና ልብን የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ለምክር የሚበቃ አያደርገውም።

የቀነሱትን ይዞ መቆየት

ክብደት ከቀነሱ በኋላ ሰውነት ዝም ብሎ አይቀመጥም። በአውስትራሊያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በጥብቅ ምግብ ክብደት የቀነሱ 50 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ረሃብን የሚያመጡና ጥጋብን የሚያሳውቁ ሆርሞኖቻቸው ከዓመት በኋላም ወደ ቀድሞ ልካቸው እንዳልተመለሱ አሳይቷል፤ ሰዎቹ ከመጀመራቸው በፊት ከነበረው ይልቅ ይርባቸው ነበር። የአሜሪካ ተመራማሪዎች ባወጡት ስሌት መሠረት፣ በወረደው በእያንዳንዱ ኪሎ ሰውነት በቀን ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ቀንሶ ያቃጥላል፤ የምግብ ፍላጎት ደግሞ በቀን ወደ 100 ካሎሪ ይጨምራል። አሥር ኪሎ የቀነሰ ሰው እንግዲህ ሰውነቱ በሚያቃጥለው ትንሽነትና በሚጠይቀው ምግብ ብዛት መካከል ተይዞ ነው የሚውለው። ይህን ያላወቀ ሰው «ወኔ ስለሌለኝ ነው» ይላል፤ ወኔ ጉዳዩ አይደለም። ረሃቡ ሊመጣ እንደሚችል አውቆ አስቀድሞ ምግቡን የሚያጠግብ ግን ካሎሪው ያነሰ ማድረግ ነው መፍትሔው፤ ከላይ ስለ ጎመኑ፣ ስለ ምስሩና ስለ ዘይቱ የተባለው ሁሉ የሚቀጥለውም ለዚህ ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ፣ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ቢያንስ ለአንድ ዓመት የያዙ ሰዎችን የሚመዘግብ የጥናት መዝገብ አለ። ሰዎቹ የቀነሱበት መንገድ ይለያያል፤ ያቆዩበት መንገድ ግን ይመሳሰላል። አብዛኞቹ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናሉ፣ ቁርስ ይበላሉ፣ ቴሌቪዥን ፊት ብዙ አይቀመጡም፣ በቀን ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ለመቀነስ 150 የነበረው የሳምንት ደቂቃ ለማቆየት ከ200 እስከ 300 ቢደርስ ይመረጣል፤ ግቡ ላይ ሲደረስ ማረፍ የሚመስለን ጊዜ እንቅስቃሴ የሚጨመርበት ጊዜ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብባል የምመርጠው የማስጠንቀቂያ ቁጥር መወሰንን ነው። ግብዎ ላይ ሲደርሱ የያዙትን ኪሎ ይጻፉ፤ በዚያ ላይ ሦስት ይጨምሩበት። 74 ላይ የቆመ ሰው ቁጥሩ 77 ነው። ከዚህ ቁጥር በታች እስካሉ ድረስ በሠርግም በልደትም ተጨንቀው አይብሉ። ሚዛኑ 77ን በተከታታይ ለሁለት ሳምንት ካሳየ ግን አስቀድመው በወረቀት የጻፉትን ነገር በዚያው ሳምንት ይጀምሩ፤ ለምሳሌ የምበላውን ሁሉ ለሁለት ሳምንት እጽፋለሁ፣ ለስላሳና ቢራ አልጠጣም፣ ከእራት በኋላ 30 ደቂቃ እራመዳለሁ የሚል። ሦስት ኪሎ በጥቂት ሳምንት ይወርዳል፤ አሥራ ሁለት ኪሎ ከሆነ በኋላ ግን ሰው ሚዛኑን መሸሽ ይጀምራል።

ኪሎ የሚጨምርባቸው ወቅቶች በቀን መቁጠሪያችን ላይ የታወቁ ናቸው። የጾም ምግብ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ ስለሆነ ብቻ ክብደት ይቀንሳል ማለት አይደለም፤ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖና በዘይት የተነከረ ፍርፍርም የጾም ናቸው። ይሁንና ብዙ ምእመናን በዐቢይ ጾም ጥቂት ኪሎ ይቀንሳሉ፤ ችግሩ ከፋሲካ በኋላ ያለው ነው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም፣ ዶሮውና በጉ ሲያልቅ ደግሞ ሠርጉ ስለሚተካ፣ ሃምሳው ቀን በሙሉ የፍስክ ነው። በስቅለት ሳምንት ይመዘኑና ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየተመዘኑ የረቡዕና የዓርብን የምግብ ልክ፣ በፍስክ ምግብም ቢሆን፣ ይዘው ይቆዩ። በረመዳን የሚጾሙ ደግሞ በቴምርና በሾርባ አፍጥረው፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ወደ ዋናው ምግብ ቢመለሱ፣ ሳምቡሳውንም በቁጥር ቢወስኑት፣ ወሩ ኪሎ የሚጨመርበት አይሆንም።

ሌላው ፈተና ሰው ነው። በእኛ ዘንድ መክሳት የሕመም፣ የችግር፣ የሐዘን ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ ኤች አይ ቪ በበረታባቸው ዓመታት ይህ ስሜት ጠንክሯል። ስድስት ኪሎ የቀነሰ ሰው በየደረሰበት «ምነው ከሳህ፣ ሰላም አይደለህም እንዴ?» ይባላል፤ እናቱ ትደነግጣለች፣ አክስቱ ገንፎ ታገነፋለች። ለዚህ አጭር መልስ ማዘጋጀት ይጠቅማል፤ «ሐኪም አዞኝ ነው፣ ግፊቴም ወርዶልኛል» ሲባል ሐኪሙን የሚከራከር ጥቂት ነው። በግብዣ ላይ ደግሞ ጋባዧ «አንድ ያጣላል» እያለች ሁለተኛውን ጉርሻ ስታቀርብ እምቢ ማለት ያስቀይማል። ጉርሻውን ይቀበሉ፣ ከራስዎ ድርሻ ይቀንሱለት፤ ቀስ ብለው ይብሉ፤ ሳህን ባዶ ሲሆን ነው «በሞቴ» የሚበረታው። ሲጠግቡም ተነሥተው እጅዎን ይታጠቡ፤ እጁን የታጠበን ሰው የሚለምን ጥቂት ነው።

መርፌዎቹ

ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ የተባሉት በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጉ መድኃኒቶች በውጭ አገር ያሉ ዘመዶች በብዛት የሚያወሩላቸው ሆነዋል፤ በሻንጣ የሚልኩም አሉ። ሴማግሉታይድ ለውፍረት ሕክምና በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን፣ በዋናው ጥናት ላይ በ68 ሳምንት በአማካይ ወደ 15 በመቶ ክብደት ቀንሷል። ይህ በምክር ብቻ ከሚገኘው በእጅጉ ይበልጣል፤ መድኃኒቱን የምነቅፍበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ካቆሙት በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። ስለዚህ እንደ ግፊት መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ነው ተብሎ መታሰብ አለበት፤ ለሦስት ወር የሚበቃ ከተላከ በኋላ ቀጣዩ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ አይጀመር። ከመከፈቱ በፊት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፤ በረጅም በረራ ሻንጣ ውስጥ የሞቀ መርፌ አያስተማምንም። የጣፊያ (ፓንክሪያስ) ብግነት ወይም በቤተሰብ ውስጥ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር የነበረበት ሰው፣ ልታረግዝ ያሰበች ሴትም ያለ ሐኪም አይንኩት። ቢወስዱትም ፕሮቲኑና የጡንቻ እንቅስቃሴው አይቅር፤ ከሚወርደው ኪሎ ውስጥ ጡንቻም አለበትና።

ወደ ክትትል ሲመጡ

በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በየወሩ፣ ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ መገናኘት ይበጃል። ሲመጡ የሳምንት ኪሎ የተጻፈበትን ደብተር፣ የወገብ ልክዎን፣ ቤት ውስጥ የተለካ ግፊት ካለም እሱን ይዘው ይምጡ። ሐኪሙ ግፊትዎን፣ የጾም ስኳርዎን ወይም የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ ያያል፤ ኪሎው ሲወርድ መቀነስ ያለበት መድኃኒት ካለም መጠኑን ይቀንሳል። ኪሎው ጨምሮ ከሆነ ቀጠሮውን አይለፉት፤ ብዙ ሰው የሚቀረው ልክ በዚያ ሳምንት ነው፣ ሐኪሙም ሊያይዎት የሚፈልገው በዚያ ሳምንት ነው።